ንስሩ ምን ይዟል? የድሮ የአውሮፓ ሳንቲሞችን በዓርማቸው የመለየት ዝርዝር መመሪያ

አያቴ ሙዳይ ውስጥ አንዲት ጠገራ ብር ነበረች። ጆሮ ተበይዶላት፣ ክር ገብቶላት፣ ዓመት በዓል ሲመጣ አንገት ላይ የምትወጣ። ከፊት ሻሽ ያደረገች ደልደል ያለች ሴትዮ አለች። ከኋላ ደግሞ ሁለት ራስ ያለው ወፍ። «እማማ፣ ይሄ ወፍ ለምንድን ነው ሁለት ራስ ያለው?» ብዬ ስጠይቃት «እኔ ምን አውቄ፣ የፈረንጅ ነገር!» ብላ አለፈችኝ።

ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ካደግሁ በኋላ ነው ወፉ ንስር እንደሆነ፣ ደረቱ ላይ ያለው ጭርጭር ነገር ጋሻ እንደሆነ፣ በጋሻው ውስጥ ደግሞ የአምስት አገር ምልክት እንደታጨቀ የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ከጓደኛም፣ ከጎረቤትም፣ ከሩቅ ዘመድም «እስቲ ይቺን እያት» የሚባል ሳንቲም አይጠፋም። ይህን መመሪያ የጻፍኩት እኔ የምሄድበትን መንገድ እናንተም እንድትሄዱበት ነው።

ብዙ ሰው የድሮ ሳንቲም እጁ ሲገባ መጀመሪያ ከጽሑፉ ጋር ይታገላል። ጽሑፉ በአብዛኛው ላቲን ነው። በዚያ ላይ በምህጻረ ቃል የተጨናነቀ ነው። ጠርዝ ላይ ስለሆነም ቶሎ ይበላል። ዓርማው ግን ትልቅ ነው፤ ዝርዝሩ ቢጠፋ እንኳ ቅርጹ ይተርፋል። ደግሞም የተቀረጸው ማንበብ የማይችለው ሰው ጭምር የማን ገንዘብ እንደሆነ እንዲያውቅ ነው። ስለዚህ ከዓርማው እንጀምራለን፤ ፊደሉ ኋላ ይመጣል።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትወስዱ ይህን ውሰዱ፦ «ምን እንስሳ ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። አውሮፓ ውስጥ አንበሳና ንስር ያላወጣ መስፍን የለም ማለት ይቻላል። ይልቅ «ምን ይዟል? ደረቱ ላይ ምን አለ? ራሱ ላይ ምን ደፍቷል?» በሉ።

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ በፊት፦ አታጽዱት

የአያቴን ጠገራ ያበላሸሁት እኔው ነኝ። አሥራ ምናምን ዓመቴ ላይ በሎሚና በአመድ ፈተግኳት። አበራች፤ እኔም ኮራሁ። ግን የንስሩ ላባ ላይ የነበረው ጥቁር ጥላ አብሮ ሄደ። ለካ ቅርጹን አጉልቶ የሚያሳየው እሱ ነበር። የጭረቱ ምልክት እስከ ዛሬ አለ። ሰብሳቢዎችም የተፈተገ ሳንቲም ሲያዩ ዋጋውን ወዲያው ይቀንሳሉ። አፈር ከያዘው ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ትንሽ አቆዩት፤ ከዚያ ሳታሹ በለስላሳ ጨርቅ ተጫን ተጫን እያደረጋችሁ አድርቁት። ከዚህ አትለፉ።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ቀላል ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት፣ ግራም በነጥብ የሚያሳይ ትንሽ ሚዛን፣ ማስመሪያ። ሚዛኑ ከሌላችሁ ወርቅ ቤት ጎራ በሉ፤ ለመመዘን ብዙዎቹ አያስቸግሩም።

ደረጃ 1፦ መብራቱን ከጎን አብሩ

ክፍሉን አጨልሙ። ሳንቲሙን ጠረጴዛ ላይ አስተኙ። መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ከጠረጴዛው ጋር እኩል ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ከዚያ ሳንቲሙን ቀስ እያላችሁ አዙሩት። በጠራራ ፀሐይ ልሙጥ የሚመስል ፊት ድንገት ዘውድ ያወጣል፣ ጥፍር ያወጣል። በየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ። ዓይን ያላየውን አንዳንዴ ፎቶው ላይ ታገኙታላችሁ።

በጣም ካለቀ ስስ ወረቀት አልብሳችሁ እርሳሱን አጋድማችሁ በስሱ አስኪዱበት። ልጅ ሆነን በደብተር ወረቀት ሳንቲም «የምናትመው» ዓይነት። ይሠራል።

ደረጃ 2፦ ቀኝ የማን ቀኝ ነው?

የዓርማ ጋሻ የሚነበበው ጋሻውን ከያዘው ሰው ወገን ሆኖ ነው። የእሱ ቀኝ የእናንተ ግራ ነው። የክብር ቦታው በእሱ ቀኝ ከላይ ያለው፣ ማለትም እናንተ ስታዩት ላይኛው ግራ ክፍል ነው። መጽሐፍ ላይ «በቀኝ ላይኛው ሩብ የሀንጋሪ ምልክት» የሚል ካያችሁ በግራ በኩል ፈልጉ። እኔ ይህን ባለማወቄ አንድ ሳምንት ሙሉ የሌለ አገር ስፈልግ ነበር።

ደረጃ 3፦ ንስር ከሆነ፣ መጀመሪያ ራሱን ቁጠሩ

ሁለት ራስ ካለው በአብዛኛው ከሁለት ትልልቅ ቤቶች የአንዱ ነው፦ የቅድስት ሮማ ግዛት (ብዙ የጀርመን መሳፍንትን ያቀፈው፤ በኋላ ኦስትሪያ) ወይም ሩሲያ። አሁን ደረቱን እዩ።

ደረቱ ላይ ፈረሰኛ ዘንዶ ሲወጋ ካያችሁ ሩሲያ ነው። የኛ ሰው ይህን ለመለየት ማንም አይቀድመውም፤ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። በአንድ ጥፍሩ በትረ መንግሥት፣ በሌላው መስቀል ያለበት ሉል ይይዛል።

ደረቱ ላይ ሦስት አግድም ክፍል ያለው ትንሽ ጋሻ ካለ፣ ማለትም የመሐሉ ሰንበር ከላይና ከታቹ የሚለይ ከሆነ፣ ኦስትሪያ ነው። ይህ እስከ ዛሬ በሰንደቅ ዓላማቸው ያለው ቀይ፣ ነጭ፣ ቀይ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ጋሻው ሦስት ቦታ ተከፍሎ ታገኙታላችሁ። አንበሳው ኦስትሪያን የገዛው የሀብስበርግ ቤተሰብ ነው፣ ሰንበሩ የኦስትሪያ፣ በሰያፍ መስመር የተደረደሩት ሦስት ትንንሽ ወፎች ደግሞ የሎሬን። ንስሩ ሰይፍና በትር በአንድ ጥፍር፣ ሉል በሌላው ይይዛል። ሰይፍ ካያችሁ ከሩሲያው ራቁ።

ደረቱ ላይ ጋሻ ሳይሆን ሉል ካለ፣ ሉሉ ውስጥም ቁጥር ካለ፣ የቅድስት ሮማ ግዛት ትንንሽ ገንዘብ ይሆናል። ቁጥሩ ዋጋው ነው። ለምሳሌ 24 ማለት የታለር አንድ ሃያ አራተኛ ነው። ታለር የሚባለው ትልቁ የብር ገንዘብ ነው፤ ጠገራም የዚያ ወገን ናት።

ወጥመድም አለ። ሁለት ራስ ያለው ንስር ሆኖ ደረቱ ላይ አንበሳ ካለስ? አንበሳው በኋላ እግሩ ቆሞ ሰይፍ ከያዘ ፊንላንድ ነው። በሩሲያ ዛር ሥር በነበረችበት ዘመን የተመታ ማርካ ወይም ፔኒ ይሆናል። ትልቁ ንስር ገዢው ነው፣ ደረቱ ላይ ያለው ተገዢው። አንበሳው በአራት እግሩ የሚራመድ ከሆነ ግን ሞንቴኔግሮን አስቡ፤ ከ1906 ጀምሮ ያስመታችው ፐርፐር ነው። በደረቱ ጋሻ ላይ መስቀልና በየማዕዘኑ አንዳንድ ቅስት ነገር ካለ ሰርቢያ ነው።

አንድ ራስ ከሆነ ጉዳዩ ይሰፋል፤ ግን እዚህም ደረቱ ያድናችኋል። ንስር በደረቱ ላይ ሌላ ንስር ተሸክሞ፣ ያም ትንሹ ንስር በተራው ደረቱ ላይ ሌላ ጋሻ ካለው፣ በ1871 የተመሠረተው የጀርመን ግዛት ነው። የግዛቱ ንስር የፕሩሲያን ንስር ታቅፎ፣ የፕሩሲያ ንስር ደግሞ የገዢውን ቤተሰብ የሆሄንዞለርንን ጋሻ ታቅፎ። አጉሊ መነጽር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የ10 ፌኒግ ሳንቲም ላይ ይህ ሁሉ ከምስር ፍሬ በማትበልጥ ቦታ ተቀርጿል።

ደረቱ ባዶ ሆኖ ራሱ ላይ ዘውድ ካለ፣ ጥፍሩም ምንም ካልያዘ ፖላንድ ሊሆን ይችላል። ኮሚኒስቶቹ ዘውዱን አወለቁት፤ በ1990 ተመለሰለት። ስለዚህ ዘውድ የሌለው የፖላንድ ንስር በራሱ ዘመኑን ይነግራችኋል። ንስሩ መብረቅ ላይ ከቆመና ፊደሉ ፈረንሳይኛ ከሆነ የናፖሊዮን ሦስተኛ ነው። ደረቱ ላይ ጠርዝ እስከ ጠርዝ የሚደርስ መስቀል ያለበት ጋሻ ካለ የጣሊያን ነገሥታት የሳቮይ ቤት ነው። ይህን ንስር በደንብ ያዙት፤ ኋላ ላይ በኛው ሰፈር እናገኘዋለን።

ደረጃ 4፦ አንበሳ ከሆነ፣ እጁንና ጅራቱን እዩ

ጅራቱ ሁለት ከሆነ ቦሄሚያ ነው፣ የዛሬዋ ቼክ። መጥረቢያ ከያዘ ኖርዌይ ነው፤ የቅዱስ ኦላፍ መጥረቢያ ነው። በአንድ እጁ ሰይፍ፣ በሌላው የተጠቀለለ ቀስት ከያዘ ኔዘርላንድ ነው። ቀስቶቹ ሰባት ናቸው፤ ሰባቱ የተባበሩት ግዛቶች። ክንፍ ካለውና መጽሐፍ ካለው የቅዱስ ማርቆስ አንበሳ ነው፣ ቬኒስ። ሕገ መንግሥት የተጻፈበት ጽላት ደግፎ ከተቀመጠ የቤልጅየም መዳብ ነው።

ሦስት የሚራመዱ አንበሶች አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድረው ብቻቸውን ካሉ እንግሊዝ ነው። በመሐላቸው ትንንሽ ልብ ከተበተነ ዴንማርክ። ልቦቹ ካለቁ እንደ ነጥብ ሊታዩ ይችላሉ፤ ነጥብ ካያችሁም ዴንማርክን አስቡ።

እዚህ ላይ አንድ ወሬ ካላወራሁ አይሆንልኝም። ሆላንዶች ከ1575 ጀምሮ «የአንበሳ ዳልደር» የሚባል የብር ገንዘብ ያስመቱ ነበር። በንግድ ወደ ምሥራቅ ሄዶ በኦቶማን ገበያ ተሰራጨ። አንበሳው በጥድፊያ ስለሚመታ ብዙ ጊዜ ደብዛዛ ነበር። ዐረቦቹ አዩት አዩትና «አቡ ከልብ»፣ የውሻ አባት አሉት! የስፔኑን ባለ ሁለት ዓምድ ብር ደግሞ ዓምዶቹን መድፍ ነው ብለው «አቡ መድፋ»፣ የመድፍ አባት አሉት። የሮማኒያ ገንዘብ ዛሬም «ሌው» ይባላል፤ አንበሳ ማለት ነው፤ ስሙ የመጣው ከዚያው ከሆላንድ ብር ነው። እና አንበሳውን ውሻ ብትሉት አትፈሩ። ትልቅ ነጋዴም ብሎታል።

የምኒልክን ብር የሚያውቅ ሰው ለዚህ ደረጃ እንግዳ አይደለም። የይሁዳ አንበሳም ዘውድ ደፍቶ፣ ዓላማ ይዞ ነው የቆመው። እንዲያውም የሚያነሣው የፊት እግር ቀኝ ወይም ግራ መሆኑ በተለያዩ ዓመታት የተመቱትን ለመለየት ያገለግላል።

ደረጃ 5፦ ጋሻውን በታትኑት

ጋሻ አራት ቦታ ከተከፈለ አራት ርስት ማለት ነው። ንጉሡ በጋብቻ፣ በውርስ ወይም በጦር ያገኘውን ሁሉ ይደረድራል። መሐል ላይ የተለጠፈች ትንሽ ጋሻ ካለች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የገዢው ቤተሰብ የራሱ ምልክት ናት። እኔ መጀመሪያ የማያት እሷን ነው። ለምን እንደሆነ የስፔን ሳንቲም ያሳያችኋል።

የስፔን ጋሻ መሠረቱ ቀላል ነው፦ ግንብና አንበሳ። ግንቡ ካስቲል፣ አንበሳው ሊዮን። ግርጌው ላይ ሮማን ፍሬ ካለች ግራናዳ ከተያዘችበት ከ1492 በኋላ ነው። አሁን መሐሉን እዩ።

ከ1700 በኋላ ሦስት የሊሊ አበባ ያለበት ክብ ነገር መሐል ላይ ገባ። የሀብስበርጉ ንጉሥ ልጅ ሳይተካ ሞቶ ዙፋኑ ለፈረንሳዩ የቡርቦን ቤት ስለሄደ ነው፤ ፊሊፕ አምስተኛ ነው ያመጣው። ሊሊው ጠፍቶ ንስር ከተተካ የናፖሊዮን ወንድም ዮሴፍ ነው፤ ከ1808 እስከ 1813። እንደገና ሊሊ። መሐሉ ጭራሽ ባዶ ሆኖ፣ ከላይ በንጉሥ ዘውድ ፈንታ የግንብ ቅርጽ ያለው ዘውድ ካለ፣ ንግሥት ኢዛቤላ ሁለተኛ ከተባረረች በኋላ የነበረው የ1869ና የ1870 ጊዜያዊ መንግሥት ነው። መስቀል ከተተካ ከጣሊያን የመጣው አማዴዎ ነው። ሁለት ዓመት ነግሦ በየካቲት 1873 «በቃኝ» ብሎ ሄደ። ከዚያ በአልፎንሶ 12ኛ ሊሊዎቹ ተመለሱ። የሥርወ መንግሥቱ ጣጣ ሁሉ ከትንሽ ጣት ጥፍር በማይበልጥ ቦታ ላይ ተጽፏል። ዓመቱ የተፋቀ የስፔን ብር ሲያጋጥመኝ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው።

የእንግሊዝም እንደዚሁ ዘመን ይናገራል። ንጉሦቻቸው ከ1340 ጀምሮ «የፈረንሳይም ንጉሥ እኛ ነን» ይሉ ስለነበር ጋሻቸው ላይ የፈረንሳይን ሊሊ ያስገቡ ነበር። ይህን የተዉት በ1801 መባቻ ነው። ስለዚህ ሊሊ ያለው ከ1801 በፊት ነው። ሊሊ ሳይኖር መሐል ላይ ተጨማሪ ትንሽ ጋሻ ካለ ከ1801 እስከ 1837 ነው፤ ጋሻዋ የጀርመኑ የሀኖቨር ናት። ሁለቱም ከሌሉ ከቪክቶሪያ ወዲህ ነው። ሀኖቨር ሴት ስለማያነግሥ ቪክቶሪያ ስትነግሥ ተለያዩ። በአንዱ ሩብ ላይ በገና የሚመስል ካያችሁ አልተሳሳታችሁም፤ የአየርላንድ በገና ነው።

ፖርቱጋልን ለመለየት መቁጠር ይበቃል። አምስት ትንንሽ ጋሻ በመስቀል ቅርጽ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ አምስት ነጥብ፣ ዙሪያውን ግንቦች። ሌላ የሚመስለው የለም። ስዊድን ደግሞ ሦስት ዘውድ፣ ሁለት ከላይ አንድ ከታች። ሀንጋሪ ወፈር ያሉ አግድም ሰንበሮችና ሁለት አግዳሚ ያለው መስቀል ነው። ባቫሪያ በሰያፍ የተደረደረ የዳማ ሰሌዳ ትመስላለች።

ከተሞችም የራሳቸውን ያስመቱ ነበር። ድብ በርን ነው፣ አንድ ቁልፍ ብሬመን፣ ሦስት ማማ ያለው ግንብ ሀምቡርግ፣ መንኮራኩር የማይንዝ ሊቀ ጳጳስ፣ የጥድ ፍሬ አውግስቡርግ። የተጣመሩ ሁለት ቁልፎች ከላይ ሦስት ደረጃ ያለው አክሊል ካላቸው የሮማው ጳጳስ ናቸው። በአክሊሉ ፈንታ ጥላ ካለ አንዱ ጳጳስ ሞቶ ሌላው ሳይመረጥ በመሐል የተመታ ነው። የኛ ቤተ ክርስቲያን ጥላ አይደለም፤ ግን መምሰሉን ያየ ሰው ይስቃል።

ደረጃ 6፦ ጭረት የሚመስለው ቀለም ነው

ይህን ሳውቅ በጣም ነው የተደነቅሁት። በጋሻው መደብ ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ለጌጥ አይደሉም። ብረት ቀለም ስለሌለው ቀለሙን በመስመር ይጽፉታል። ሥርዓቱን ያስፋፋው ሲልቬስትሮ ፔትራ ሳንክታ የሚባል ኢየሱሳዊ ካህን ነው፤ በ1630ዎቹ። ቀጥ ብሎ የወረደ መስመር ቀይ ነው። አግድም መስመር ሰማያዊ። ነጥብ ነጥብ ወርቅ። ባዶ ልሙጥ ብር ወይም ነጭ። ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ የወረደ ሰያፍ አረንጓዴ። መረብ ጥቁር።

በጣሊያን የድሮ 5 ሊሬ ላይ ሞክሩት። ከመስቀሉ ጀርባ ያሉት መስመሮች ቁልቁል ይወርዳሉ። መስቀሉ ራሱ ልሙጥ ነው። በቀይ ላይ ነጭ መስቀል፣ ሳቮይ። የስዊዝም በቀይ ላይ ነጭ ነው፤ ግን የስዊዙ መስቀል አጭር ነው፣ የጋሻውን ጠርዝ አይነካም። የሳቮዩ ጫፍ ድረስ ይሄዳል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ከ1600ዎቹ በፊት በተመታ ሳንቲም ላይ ይህን ሥርዓት አትፈልጉ። እንዲሁም የሀንጋሪን ሰንበሮች ከቀለም መስመር ጋር አታምታቱ፤ የቀለሙ መስመር ብዙና ቀጭን ነው፣ ሰንበሩ ጥቂትና ወፍራም።

ደረጃ 7፦ ዘውዱና ሐብሉ

ዘውዱ ጫፍ ላይ ያለው መስቀል ወደ ጎን ከተጣመመ ማተሚያው ተሳስቶ አይደለም። የሀንጋሪው የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘውድ ነው፤ የእውነተኛው ዘውድ መስቀልም ጠማማ ነው። ይህ አንድ ምልክት ብቻውን ሳንቲሙን ይለይላችኋል።

በጋሻው ዙሪያ ሐብል ካለና ጫፉ ላይ ወገቡን ታስሮ የተንጠለጠለ በግ ካለ (የበዓል በግ ይመስላል) የወርቅ ፀጉር ኒሻን ነው። የቡርገንዲው መስፍን በ1430 በብሩዥ ከተማ ያቋቋመው ነው። ከዚያ ለሀብስበርግ ወረደ። ስለዚህ በጉን ካያችሁ ፍለጋችሁ ወደ ኦስትሪያና ወደ ስፔን ይጠብባል።

ደረጃ 8፦ አሁን ፊደሉን አንብቡ

አገሩን ከጠረጠራችሁ ፊደሉ ይቀላል። «ዲ ጂ» የሚሉት ሁለት ፊደላት ሁሌም አሉ ማለት ይቻላል፤ «ዴኢ ግራሲያ»፣ በእግዚአብሔር ጸጋ። የኛ «ሥዩመ እግዚአብሔር» ዘመድ ነው። «ሬክስ» ንጉሥ፣ «ሬጂና» ንግሥት፣ «ኢምፕ» ንጉሠ ነገሥት፣ «ዱክስ» መስፍን። «ዩ» በብዙ ሳንቲም ላይ እንደ «ቪ» ነው የሚጻፈው፤ በዚህ አትደናገሩ።

ብቻዋን የቆመች ትንሽ ፊደል ካለች ሳንቲሙ የተመታበት የማተሚያ ቤት ምልክት ናት። ግን አገሩን ሳታውቁ አትተርጉሟት። «ኤ» በፈረንሳይ ሳንቲም ላይ ፓሪስ ናት፣ በፕሩሲያ በርሊን፣ በኦስትሪያ ቪየና።

ደረጃ 9፦ መዝኑ

ዓርማው ልክ ሆኖ ክብደቱ ካልገጠመ ተጠራጠሩ። በሻጋታ የፈሰሰ አስመስሎ የተሠራ ሳንቲም ጠርዙ ላይ የስፌት መስመር ይተዋል፤ ፊቱም በአጉሊ መነጽር ሲታይ የአረፋ ቀዳዳ ይኖረዋል። ማግኔት ከያዘው ብር አይደለም።

አሁን ጠገራዋን እናንብባት

ንስሩ ሁለት ራስ አለው፣ ደረቱ ላይ ፈረሰኛ የለም። ስለዚህ ቅድስት ሮማ ግዛት። ጋሻው አራት ቦታ ተከፍሏል። በእናንተ ግራ ከላይ የሀንጋሪ ሰንበርና ባለሁለት አግዳሚ መስቀል። ከጎኑ ጅራቱ መንታ የሆነው የቦሄሚያ አንበሳ። ከታች በግራ የቡርገንዲ ሰያፍ ሰንበሮች። ከታች በቀኝም ሰያፍ ሰንበሮች፣ ግን በመሐላቸው ቀጥ ያለ ዘንግ ቆሞባቸዋል። እሱ ቡርጋው ነው። መሐል ላይ ትንሿ ጋሻ፣ ያው ባለ ሰንበሩ ኦስትሪያ።

አምስቱን አገሮች ያልኳችሁ እነዚህን ነው። ከአምስቱ እንግዳው ቡርጋው ነው። ከሀንጋሪና ከቦሄሚያ ጋር ምን አገናኘው? ጊንዝቡርግ የሚባለው የማተሚያ ቤት ያለው በቡርጋው ግዛት ስለነበረ ነው። ከሴትዮዋ፣ ከኦስትሪያዋ ገዢ ከማሪያ ቴሬዛ፣ ምስል ሥር ያሉት «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚሉት ፊደላትም የዚያው ማተሚያ ቤት ሹማምንት፣ የሾብልና የፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው። ሻሿ የመበለት መሸፈኛ ነው፤ ባሏ በ1765 ሞቶባታል። ከ1780 ቀጥሎ ያለው «ኤክስ» የቡርገንዲ፣ የቅዱስ እንድርያስ መስቀል ነው። ጠርዙ ላይ በላቲን የተጻፈው «በፍትሕና በምሕረት» የሚለው መፈክሯ ነው። ክብደቷ 28.07 ግራም፣ ስፋቷ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከሺው 833 እጅ ጥሩ ብር።

አሁን «የ1780 ሳንቲም አለኝ» ብላችሁ አትቸኩሉ። ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያው ዓመት በኅዳር መጨረሻ ነው። ነጋዴው ግን ሌላ ፊት አልቀበል አለ። ስለዚህ ዓመቱ ሳይቀየር ቪየናም፣ ቬኒስም፣ ሚላንም፣ ከ1935 ጀምሮ ሮማም፣ ከዚያም ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይ ሳይቀሩ መቷት። ሁሉም «1780» ይላሉ። የሚለዩት በጥቃቅን ነገር ነው፦ ትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ዕንቁዎች ቁጥር፣ በንስሩ የጅራት ላባ አደራደር። ያኔ ገበያ ላይ ብር የሚቀበለውም ሰው ዕንቁ ሲቆጥር ነበር። የዛሬው ሰብሳቢም ያንኑ ያደርጋል፤ ልዩነቱ መነጽር መያዙ ነው።

አንድ የምትመሳሰል እህት አለቻት። ጣሊያኖች በ1918 ለኤርትራ ንግድ ብለው አንድ ታለር በሮማ አስመቱ። ከፊት ያለችው ሴት ሆን ተብሎ ማሪያ ቴሬዛን እንድትመስል ተደርጋለች። ክብደቷም ያው ነው። ገላብጧት። ንስሩ አንድ ራስ ነው! ደረቱ ላይም እስከ ጠርዝ የሚደርስ መስቀል፣ ሳቮይ። ቀደም ብሎ በ1891ና በ1896 በጣሊያኑ ንጉሥ በኡምቤርቶ ስም የተመታው የኤርትራ ታለርም ያንኑ ንስር ይዟል። የ1918ቱን ገበያው ብዙም አልወደደውም። ለሰብሳቢ ግን ደስ የምትል ግኝት ናት፤ ከተራ ጠገራ ጋር ተቀላቅላ ስታገኟት ደግሞ የበለጠ።

ስትጨርሱ ክብደቱን፣ ስፋቱን፣ ያያችሁትን ምልክት ሁሉና ፎቶውን አንድ ላይ መዝግቡ። እርግጠኛ ያልሆናችሁበት ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉ፤ በሌላ ቀን በሌላ መብራት ታዩታላችሁ። የአያቴ ጠገራ ላይ እኔ ያደረግሁት የጥያቄ ምልክት ከንስሩ ራሶች በላይ ነው። እዚያ ዘውድ መኖር ነበረበት፤ ግን የአንገት ክር እንዲያስገባ ጆሮው የተበየደው ልክ እሱ ላይ ነው።